እናታችን በሰባኪው ቅርጫት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሎክ ባሃዱር፣ ኳታር። ሰላምታዬ ተራራውንም ባሕሩንም ተሻግሮ ይድረስህ።

የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ በመላው ኔፓል እንደ እኔ የሚጽፍ የለም። እሺ፣ በእኛ ሰፈር። እሱም መምህሩ ከሌሉ ነው።

እናታችንን ትንሽ ስላሳላት ወደ ሚስዮኑ ክሊኒክ ወሰድናት። ሰባኪው ፓሳንግ በቅርጫት አዝሏት፣ ማንገቻውን ግንባሩ ላይ አጥብቆ ዳገቱን ወጣ። እንደ ጎሽ ብትከብድም አንዴም አላረፈም። እኔም ጃንጥላ ይዤ በጀግንነት ተከተልኩ።

ጎረቤታችን ካጂ፣ «አንተ ሰባኪ፣ ለኢየሱስህ ልትሰጣት ነው?» ብሎ ተተናኮለው።

እናታችን ቀደመችው፦ «እኔ ቪሽኑን አልተውም።»

«አይተዉ እማማ» አለ ፓሳንግ፤ «ቅርጫቱን ብቻ እንዳይለቁ።»

አሁንም በየሳምንቱ ይወስዳታል። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሃይማኖቱን ባልከተል እንኳ እግሩን እከተላለሁ።

እናታችን ለዳሻይን በዓል ስትመርቅህ ግንባርህን የምትቀባበትን ሩዝ ከአሁኑ ለይታ አስቀምጣለች። ዘንድሮ ቀደም ብለህ ብትመጣ አይከፋም።

አማልክቱ በሰው አገር ይጠብቁህ። ታናሽህ ቴክ።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ፈጥሬአለሁ፤ እንደ ጎሽ ትከብዳለች ያልኩትን። ፓሳንግ አዝሏት ብድግ ሲል ቅርጫቱ ባዶ መስሎት ዞር ብሎ አይቷል።