ያልጻፍኩት ቁራ

ይድረስ ለልጄ ለቤዛዊት። የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ከብርዱም ከሰው ዐይንም ይሰውርሽ፣ ሆዴ። እኛ ደኅና ነን። አባትሽ ብቻ ጉልበቴን እያለ ያቃስታል፤ ሥራ ሳዘው ደግሞ ይብስበታል።

ለትምህርቴ ከግቢያችን የምታዪውን ወፍ ሁሉ ጻፊልኝ ስላልሽኝ፣ ስምሽ ያለበትን የድሮ ደብተርሽን ይዤ ደጅ እቀመጣለሁ። ከአራተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ጽሕፈቴ አያሳፍርም። ጎረቤታችን አበበች «ምን እየጻፍሽ ነው?» ብትለኝ «ክንፍ ያለው ሁሉ ይመዝገብ ተብሏል» አልኳት። ሮጣ ዶሮዎቿን ቤት ዘጋችባቸው።

እስካሁን ዋኔ፣ ርግብ፣ ጭልፊትና ግንደ ቆርቁር ጽፌያለሁ። ስሟን የማላውቃትን ቢጫ ወፍ «የአበበች ቀሚስ» ብያታለሁ።

ትናንት አባትሽ ደብተሩን አገላብጦ «ቁራው የታለ? ጠዋት ማታ ከጣራችን አይወርድም» አለኝ። ደብተሩን ከእጁ ወሰድኩት። ቁራ ኖኅ ከመርከብ ልኮት በዚያው የቀረ መልእክተኛ ነው። አንቺም ለሁለት ዓመት ብለሽ ወጥተሽ ይኸው አምስተኛሽን ያዝሽ። ስምሽ ባለበት ደብተር ላይ በእጄ ላሰፍረው አልደፈርኩም። ትስቂብኝ ይሆናል። ሳቂ፤ እኔም በስንቱ ስቄያለሁ።

ትምህርትሽን ጨርሺ፣ አላጣድፍሽም። አስተማሪሽ ዝርዝሩ ጎደለ ካለ ግን መጥተሽ ቁራውን ራስሽ ጻፊው፤ አንድ መስመር ትቼልሻለሁ። የሄድሽበትን ያሳካልሽ፣ የመመለሻሽንም መንገድ ያቅናልሽ።

እናትሽ ገነት