ለጀግኖች የሰፋሁት ካባ

ለውድና ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ፣ ፋሻው ተፈታ ወይስ ሐኪሙ አሁንም ትንሽ ይታገሡ እያለ ነው? የሐዋሳ ሙቀት አልከበደዎትም? ውኃውስ ተስማማዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ አልፎ አልፎ ያማታል። የስፌት መኪናውም ደህና ነው። ከሰው ጋር መቁጠሬን አይታዘቡኝ፤ እርስዎ ሲደውሉ ከእኔ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ እሱ ነው።

አሁን የምጽፍልዎትን በስልክ ያልነገርኩዎት አውቄ ነው። በስልክ ቢሆን ሦስት ቃል ሳልናገር ምን አደረግሽ ብለው ይቆጡኛል፤ ወረቀት ግን ቢቆጡትም እስከ መጨረሻው ይናገራል። ፍቅርአዲስ፣ አንቺ የወንድሜ ሚስት፣ አደራ! አንዲት መስመር ሳታስቀሪ አንብቢላቸው። የሚያስቆጣው ቦታ ላይ ስትደርሺ ውኃ አቅርቢላቸውና ቀጥዪ።

መምህር አዳምን ያስታውሱታል፤ ሒሳብ የሚያስተምረው፣ ሱሪው ሁለት ጊዜ አስረዝመንለት እንኳ የሚያጥረው። መስቀል በዋለ በሳምንቱ ሱቅ መጣና ፊልም ልሠራ ነው አለኝ። በስልኩ ነው ታዲያ! የሚያስቅ ፊልም፣ ስሙም «ዘግይተው ደራሾች»። እንደ ውጭ አገር ፊልም ልዩ ኃይል ስላላቸው፣ የተጨነቀ ሰው ስለሚያድኑ ጀግኖች ነው፤ የእኛዎቹ ኃይል ግን ለምንም አይረባም። እንግዳ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው ውዱ እንደ ነፋስ ይሮጣል፤ ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው እንጂ ዳገት ከመጣ ከበቅሎዋም ኋላ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ገለቴ ሦስት ሰፈር ማዶ ያለ ሹክሹክታ ትሰማለች፤ ስለ ራሷ የተወራ እንደሆነ ብቻ። ፀጉር ሠሪዋ ዓይናዲስ ደግሞ ዓይኗን ስትጨፍን ማንም የማያያት ይመስላታል። ኃይሏ ይኸው ነው፣ ሌላ የላትም! እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ ናቸው ከተማችንን የሚያድኑት። ከማን ቢሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የግራ የግራውን ጫማ ብቻ እየለቀመ ከሚሄድ ሌባ።

አዳም ለሦስቱም ካባ ስፊልኝ አለኝ። እንዴት ያለ ካባ ብዬ ብጠይቀው፣ ሲሄዱ ከኋላ የሚውለበለብ፣ ያየው ሰው ሁሉ ይህስ ጀግና ነው የሚልለት አለኝ። እርስዎ ይፍረዱ እንግዲህ! እሱ በልቡ ያሰበው አንገት ላይ የምትቋጠር ስስ ቀይ ብጣሽ ኖሯል። እኔ በየት አውቄ? ካባ ሲባል የማውቀው እርስዎ ያስተማሩኝን የካህናቱን ነው። ሐምራዊውን ከፋይ ከሣጥን አወጣሁ፣ ገበር አገባሁለት፣ ዙሪያውን በወርቅማ ዘርፍ ከበብኩት፣ ከጀርባው ላይ በወርቅማ ክር መስቀል ጠለፍኩበት። ሦስት ሳምንት ወገቤ እስኪቆረጥ ሠራሁ። አዳም ሊወስድ መጥቶ ሲያያቸው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ሳቁ መጣበትና በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። ካባ አይደል እንዴ ያልከኝ ብዬ ጮህኩበት። አዎ ካባ ነው ያልኩሽ፣ ካባማ ካባ ነው እያለ እንባውን ይጠርጋል። በሰፋሁት ልብስ ሲሳቅ የመጀመሪያዬ ነውና በጣም ተናድጄ ነበር።

ፊልሙን በጥቅምት ቀረጹት። ውዱ ሌባውን ከአሸተን ቁልቁለት ላይ ሮጦ ሊይዝ ሲል፣ ያ ከባድ ካባ እግሩ ሥር ገባና እየተንከባለለ ወርዶ ሌባው ላይ ወደቀበት። እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም ነበር። አዳም ግን ካሰብኩት ይህ ይበልጣል ብሎ እንዳለ አስቀረው። ውዱም ደህና ነው፤ ክርኑ ትንሽ ተላጠ እንጂ።

አሁን ነው ውኃው ፍቅርአዲስ።

ባንችይርጋ የካህናት ልብስ ለቀልድ ሰፋች የሚል ወሬ ተነሣ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ በሁለት ቀን አገሩን አዳረሰው። በሦስተኛው ቀን ቄሰ ገበዝ ሰይፈ ሥላሴ ራሳቸው ሱቅ ድረስ መጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝግ ባለ ድምፅ፣ ልጄ፣ ለልደት እንድትሰፊልን የሰጠንሽን ጨርቅ መልሺልን፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እኛ ዘንድ ይቆይ አሉኝ። እኔ ባንችይርጋ፣ መልስ የማላጣው፣ ጨርቁን አጣጥፌ፣ በሁለት እጄ ይዤ ሰጠኋቸው። እሳቸው ከወጡ በኋላ መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አባቴ፣ እርስዎ አርባ ዓመት የሠሩት ሥራ ነው። ለሕክምና ሲሄዱ መቀሱን በእጄ አስይዘው የቤተ ክርስቲያኑን ስፌት አደራ ያሉኝ እኔን ነው። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በእኔ እጅ ሊጠፋ ሆነ። ሌላ ከተማ ያለ ሰፊ ሊፈልጉ ነው ሲባልም ሰማሁ። እማ ምሳ አቅርባልኝ ፊቷን ታዞር ጀመር። አዳም ዘንድ ሄጄ ፊልሙን ከስልክህ ላይ አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩት። አጠፋዋለሁ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልዎትም ነበር። እሱ ግን ያቺን አጭር ሱሪውን ለብሶ ቀጥ ብሎ ቄሰ ገበዝ ቤት ሄደ። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፣ እሷ የታዘዘችውን ነው የሠራች፤ ግን አባቴ፣ ሳያዩ አይፍረዱ አላቸው። እሳቸውም እውነትህን ነው፣ እናያለን አሉ።

ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ኅዳር 7 እሑድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ሊታይ ተቆረጠ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለውን ነጭ አቡጀዴ ማን እንደሰፋው ይጠይቁኝ! እኔው ነኝ። የገዛ ፍርዴ የሚታይበትን ራሴ ሰፍቼ ሰቀልኩ። ሰዉ ጢም ብሎ ሞላ። ካህናቱ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ፣ ካስፈለገ ለመሮጥ።

ፊልሙ ተጀመረ። ዓይናዲስ ዓይኗን ጨፍና ሌባው ፊት ለፊት ቆማ ማንም አያየኝም ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ገለቴ ሌባው አጠገቧ የጫማ ጆንያ እየጎተተ ሲያልፍ ሳትሰማ፣ ገበያ ማዶ ሽንኩርቷ በሰበሰ ያለችውን ሴት ሰምታ ልትጣላ ሄደች። ሰዉ ሁሉ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ በአንድ እግር ጫማ እያነከሰ ሲሄድማ ዲያቆናቱ ሆዳቸውን ያዙ። ቄሰ ገበዝ ብቻ አልሳቁም። እኔ የማየው የእሳቸውን ጀርባ ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ውዱ ተንከባሎ ወደቀ። በግንባሩ ተደፍቶ ጀርባው አቡጀዴውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ ያ ጥልፌ የበር ያህል ሆኖ ታየ። ቄሰ ገበዝ አቁመው አሉ። አዳም አቆመው። እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ፣ ግድግዳው ድረስ ሄዱ፣ ጥልፉን ከታች ወደ ላይ በመቋሚያው እየተከተሉ አዩት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ መስቀል ነው ያላችሁኝ ይህን ነው? ራሱ የታል? አሉ።

አየሁት። ግራና ቀኙ አለ፣ እግሩ አለ፤ ከላይ ግን ባዶ ነው።

ቄሰ ገበዝም እንዲህ አሉ፦ ከአባቷ ከአለሜ እጅ ልብስ ስረከብ ሠላሳ ዓመቴ ነው። አለሜ የመስቀሉን ራስ ካህን ሊረከብ ሳይመጣ ጠልፎ አያውቅም፤ ስመጣ ፊቴ ላይ ይጨርሰዋል፤ እስከዚያ ድረስ ጌጥ ነው እንጂ መስቀል አይደለም ይለኝ ነበር። ይህቺ ልጅም ያባቷን ነው ያደረገች። ለቀልድ የሰጠችው መስቀል የለም።

እውነቱን ልንገርዎት አባቴ፣ እኔ ረስቼው ነበር! ያን ሁሉ ቀን ሳለቅስ መስቀል ሰፍቻለሁ ብዬ ነው። ካህን ስለማይረከበው እጄ እንደ ልማዱ ራሱን ሳይጠልፍ ተወው፤ ልቤ አላወቀም። እርስዎ ያኔ ጣቴን እየመቱ ያስለመዱኝ አዳነኝ። ያኔ በልቤ ስረግምዎት ነበር፤ አሁን ይቅር ይበሉኝ።

ቄሰ ገበዝ ተመልሰው ተቀመጡና በል ቀጥል አሉት። ውዱ ከሌባው ላይ ተነሥቶ የተያዘውን ጆንያ ሲፈታ የራሱን የግራ ጫማ አገኘው። ቄሰ ገበዝ ሲስቁ አይተው ያውቃሉ? እኔ አላውቅም ነበር። መቋሚያቸው ከእጃቸው ወድቆ ዲያቆኑ አነሣላቸው። ፊልሙ ሲያልቅ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ አባቴ! እማም እዚያው ሰው መሀል አቅፋኝ አለቀሰች። ቄሰ ገበዝ ሌላ ጊዜ የአለሜን ልጅ ጥሩልኝ ነበር የሚሉት፤ ያን ቀን ግን ሰፊያችን የት አለች ብለው ጠሩኝና፣ ነገ ጠዋት መጥተሽ ጨርቅሽን ውሰጂ አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ ሰው እንዳይሳሳት የሦስቱን ካባ ጥልፍ ፍቺው፣ ቁመቱንም ቁረጪው አሉ። ፈታሁት፣ ከጉልበት በላይ ቆረጥኩት፣ በጥልፉም ፈንታ የግራ ጫማ ጠለፍኩበት። ፊልሙን ወገል ጤና ከተማም እንዲታይ ጠርተውታል፤ ውዱ ከአሁኑ ቁልቁለት አለ ወይ እያለ ይጠይቃል።

ወንድሜን ሰውአገኝን ሳሙልኝ፤ ከሥራ ሲገባ እንዲስቅ ይነበብለት። ፍቅርአዲስ ሳታቋርጪ ስላነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። እማ ዓይንዎ ደህና እስኪሆን ፀሐይ ላይ እንዳይወጡ ብላለች። ቄሰ ገበዝ በጸሎት አስብሃለሁ በይልኝ ብለዋል፤ አዳም፣ ገለቴ፣ ዓይናዲስና ውዱም እጅ ነሥተዋል።

የልደቱን ካባ ትናንት ጀመርኩ። ከአንገቱ ሥር፣ ገበሩ ውስጥ፣ ሰው በማያየው ቦታ እርስዎ «አ» ብለው ይጠልፉ ነበር፤ እኔም እርስዎ ከሄዱ ወዲህ በሰፋሁት ሁሉ «አ» ብያለሁ። በዚህኛው ላይ ግን «ባ» ብዬበታለሁ። ቢቆጡም አልፈታውም።

ልጅዎ ባንችይርጋ አለሜ
ላሊበላ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.