የሕንዱ ባሕታዊ በሰበታ

ኅዳር 4 ቀን 1960፣ ማክሰኞ
የአራተኛ ክፍልን ደብተር አርሜ ጨረስኩ። እጄ ጠመኔ በጠመኔ ነው፤ ገጽሽን አቆሸሽኩት፣ ማስታወሻዬ። ሚስስ ናይር፣ የሂሳብ አስተማሪዋ ሕንዳዊት ባልደረባዬ፣ በእረፍት ሰዓት ጎትታ ወሰደችኝ። ከአገሯ አንድ መነኩሴ መጥተዋል። ቬዳንታ የሚባል ጥንታዊ ትምህርት የሚያስተምር ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩ በሄደበት ሁሉ ሕመምተኛ ይረዳል። ከአንድ የዓይን ሐኪም ጋር ሆነው በዓለም ገና መንገድ ዳር መጋዘን ተከራይተዋል። የዓይን ሞራ በነጻ ይገፍፋሉ። አማርኛና ኦሮምኛ የሚተረጉምላቸው ግን የለም። እኔን ፈለገች። እሺ አልኩ። ያሰብኩት ዓይናቸው የጠፋውን አባዬን ብቻ ነው።

ኅዳር 9፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ከመጋዘኑ አሁን ገባሁ። እግሬ ዝሏል። ሰው ከተፍኪ ድረስ በበቅሎ፣ በቃሬዛ መጥቷል። መነኩሴው እንደ መስቀል አበባ የደመቀ ብርቱካንማ ጨርቅ ለብሰዋል። ስብከት ጠብቄ ነበር። የለም። ጎንበስ ብለው የእያንዳንዱን ሽማግሌ ፊት ለብ ባለ ውሃ ያጥባሉ። ዝንብ የወረረውን፣ ዓይናር የደረቀበትን። አይቸኩሉም። ንዋየ ቅዱሳት የሚወለውሉ ነው የሚመስለው። ሕዝቡ ስም አውጥቶላቸዋል፦ ባሕታዊው። እኔ ቆሜ መተርጎም ረሳሁ።

አባዬ እምቢ አሉ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ጀምሮ በጨለማ ናቸው፤ ግን የንስሐ አባታቸው ካልፈቀዱ የአረማዊ እጅ ዓይናቸውን አይነካም።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ
የንስሐ አባታችን፣ አባ ገብረ ሕይወት፣ ራሳቸው ሊያዩ ሄዱ። አስተርጓሚዋ እኔ። ፈራሁ። መጀመሪያ የጠየቁት ባሕታዊው ምን እንደሚበሉ ነው። ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም ቀምሰው አያውቁም።

“ዕድሜ ልካቸውን?” አሉ አባ።

አዎ አልኩ። ቀጥለው ሰውን ሃይማኖት ያስለውጣሉ ወይ ብለው ጠየቁ። ባሕታዊው “ሰው ሁሉ እናቱ ባስተማረችው ይጸልይ፣ እኔ ለማገልገል ነው የመጣሁት” ብለው መለሱ። አባ ከበሽተኞቹ መሀል ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሲወጡ፦ “ሃይማኖታቸውን ለእግዚአብሔር እንተወው። ሥራቸውን ግን አይቻለሁ። አባትሽን ውሰጃቸው።”

ኅዳር 16፣ እሑድ
የአባዬ ቀኝ ዓይን ተገፈፈ። እጃቸውን የያዙት ባሕታዊው ናቸው። አባዬ ፈርተው ዳዊት ይደግማሉ፤ ባሕታዊው በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ ዝግ ብለው ያዜማሉ። ግዕዙና ሳንስክሪቱ ተያይዘው ሄዱ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ዓይናቸው ታሽጎ ተኝተዋል። ባይሳካስ? ሰፈሩ በእኔ ይፈርዳል። አባም በእኔ ምክንያት ይዋረዳሉ።

ኅዳር 21፣ የጽዮን ዕለት
አዩ። ማስታወሻዬ፣ አባዬ አዩ! ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። አባዬ ዙሪያቸውን ቃኙ። ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ የራሳቸውን እጅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ጸጉርሽ መቼ ሸበተ?”

ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ኅዳር 23፣ እሑድ
እንዴት ልጻፈው? አባዬ የባሕታዊውን እግር ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ባሕታዊው ቀድመው መሬት ላይ ተደፉ። የአባዬን የተሰነጣጠቀ እግር በግንባራቸው ነኩ። አባዬ ደንግጠው ለምን አሉ። ባሕታዊው በእንግሊዝኛ፦ “በእኔም በእርስዎም ውስጥ ያለው አንዱ ነው፤ የሰገድኩት ለእሱ ነው። ትምህርታችን ሁሉ ይኸው ነው” አሉ።

እንዴት ልተርጉመው? ነፍስ ልል አነሰብኝ። መንፈስ ልል ፈራሁ። በኦሮምኛ “አያና” አልኩ፣ ከፈጣሪ ወጥቶ በሰው ሁሉ ላይ የሚያድረው። አባዬ ፊታቸው ፈታ አለ።

“ይህንንማ እናቴም ትለው ነበር።”

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ
ጠዋት ስም ስጠራ የተማሪዎቼን ፊት አንድ በአንድ አየሁ። ያ የተሰገደለት በእነዚህም አለ ማለት ነው። በአለንጋ የምመታቸው እነዚህን! አለንጋውን ወደ ቁም ሣጥን መለስኩ።

ከሰዓት የት/ቤቱ ዲሬክተር ጠሩኝ። ሃይማኖቷን ለውጣለች የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። ባሕታዊው ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ ይሄዳሉ። አብሬ ከሄድኩ ሩቅ አገር እንደምዛወር በጨዋ አነጋገር ነገሩኝ። ተናደድኩ። ቀጥሎ ፈራሁ። አባዬን የት ጥዬ?

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ትናንት በምሳ ሰዓት ለአባዬ ሁሉን ነገርኳቸው። መጉረስ ትተው አሰቡ።

“በጨለማ የቆየሁት ፈርቼም ነው” አሉ። “ሱሉልታም እንደኔ የሚፈራ ሽማግሌ አይጠፋም። አንቺ የእነሱን ቃል ተርጉሚ፣ እኔ የራሴን እናገራለሁ። ካዛወሩሽም አብረን እንዛወራለን።”

ወሰንኩ። ለዲሬክተሩ ሰኞ የምለው አጭር ነው፦ እንደተጠመቅሁ ነኝ፤ ሱሉልታም ሄጃለሁ።

የባሕታዊው ላንድሮቨር ደጅ ጥሩምባ እየነፋ ነው። አባዬ ጋቢያቸውን ደርበው አጥሩ ሥር ቆመዋል። የወጨጫን ተራራ ጫፍ ፀሐይ መታችው፤ እሱን እያዩ ነው። ልጠራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። መኪናው ይጠብቅ።