መልክ ያልሰጠሁት ጭራቅ

ለውድ ወንድሜ ለሚልክያስ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? አሁን በእናንተ በኩል ብርድ ነው ይባላልና ደረትህን አያምህም? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች፣ የምትሰበሰቡባት ጸሎት ቤትስ እንዴት ናቸው? እኛ፣ ጌታ ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። እናታችንን ዝናብ በመጣ ቁጥር ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም እንሰቷን ከመኮትኮት አልቦዘነችም። «የቤቴ ባይራ ከስቶ ይሆን?» እያለች ፎቶህን አውርዳ ታያለች፤ በኩሯ ነህና እንጀራ ሲቀርብ ሁሌም የምታነሣው አንተን ነው።

ስልኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። የምነግርህ ነገርም በስልክ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ወደ ደርባን በሚመለሰው በገብረአማኑኤል እጅ ይህን ልኬልሃለሁ፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

የላክህልኝ የጨዋታ መጽሐፍና ዳይሶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጋሽ አብዱልመጂድ ሱቅ ጀርባ፣ ጆንያ በሚደረደርባት ክፍል እንጫወታለን። አራት ነን፦ እኔ፣ አብራኝ የምታስተምረው ፈጠነች፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛው ቦልቴና የጋሽ አብዱልመጂድ ልጅ መኪያ። ሦስቱ መንገደኞች ይሆናሉ፤ እኔ እተርካለሁ፤ በመንገድ የሚገጥማቸውን ጭራቅም የምፈጥረው እኔ ነኝ። ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ዳይሱ ሲወረወር የሚወጣው ቁጥር ነው። ዳይሱን ያየ ሰው ሁሉ ቁማር መስሎት ነበር። ጋሽ አብዱልመጂድ ግን አንድ ቀን ቆመው ካዩን በኋላ «ተረት ነው፤ ተዋቸው» አሉ።

አንተ «ለጭራቅ ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያደርጋል፣ ምን ይገታዋል። ጥቂት ቃል ይበልጥ ያስፈራል» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አልሰማሁህም። የባዮሎጂ መምህር አይደለሁ! ከአባያ ሐይቅ የሚወጣ ጭራቅ ብዬ ስድስት ገጽ ሞላሁ፤ የጥርሱን ብዛት፣ የቆዳውን ውፍረት፣ እንቁላል የሚጥልበትን ወር፣ የጨጓራውን ክፍሎች ሳይቀር። አንብቤ ሳልጨርስ ቦልቴ አዛጋ። ፈጠነች «ምሕረት፣ ይኼ እኮ ጭራቅ ሳይሆን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነው» አለችኝ። በሦስት ውርወራ ገደሉትና ሻያቸውን ጠጡ።

እልህ ያዘኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ በግማሽ ቅጠል ወረቀት ላይ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፍኩ። በር ላይ ቆሞ ከቤት በራቀ ሰው ድምፅ ስም ይጠራል። ከመለሱለት ይገባል። ካልመለሱለት ከበሩ አይሄድም። ዐይን የለው፣ እጅ የለው፤ ምንም መልክ አልሰጠሁትም። ተሳካልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ያ ደስታዬ ያሳፍረኛል፤ መኪያን ፈጽሞ አላሰብኳትምና።

ታላቅ ወንድሟን ሱሀይብን ታስታውሰዋለህ፤ ኳስ አብራችሁ ትጫወቱ ነበር። አንተ በሄድክ በዓመቱ ያንኑ የደቡብ አፍሪካ መንገድ ተከትሎ ወጣ። ከሞያሌ ደወለ፤ ከናይሮቢ ደወለ፤ ከማላዊም አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሦስት ዓመት ድምፁ ጠፋ። ሞተ ብለው ለቅሶ አልተቀመጡ፣ አለ ብለው አልተጽናኑ። አባቱ ስሙን አንሥተው አያውቁም።

ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። መንገደኞቹ ባዶ ጎጆ ውስጥ ተጠልለዋል። «በሩ ተንኳኳ። በሩቅ አገር የቀረ፣ የምታውቁት ሰው ድምፅ ነው» አልኩ። መኪያ ዳይሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን ብሎ ጠራኝ?» አለችኝ።

«በስምሽ።»

«መኪያ ብሎ ነው ወይስ መኩ ብሎ?»

ያኔ ነው የገባኝ። መኩ የሚላት ሱሀይብ ነበር። «እንተወው መኪያ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አልኳት። ፈጠነችም እጇን ይዛ «ከመለስሽለት ይገባል» አለቻት።

«ይግባ! ሦስት ዓመት ሙሉ በር በሩን ሳይ ኖሬ አሁን ሲጠራኝ ዝም ልበል?» አለችና ወደ በሩ ዞራ «አቤት» አለች።

ያን «አቤት» እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ? ቀጥሎ «ገባ» ማለት የእኔ ፈንታ ነበር፤ አልወጣልኝም። «ምን መልክ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቴ ላይ ምንም የለም። ራሷ ትናገር ጀመር። አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ተቀዷል። አገጩ ላይ ከብስክሌት የወደቀበት ጠባሳ አለ። የፊት ጥርሱ ጫፉ ተሸርፏል። ሳትቸኩል፣ አንድ በአንድ፣ ዐይኗን ከበሩ ሳትነቅል። እኔም ወደ በሩ አየሁ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ሰው ቆሞ ነበር።

ጋሽ አብዱልመጂድ ናቸው። ከሱቁ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሲገቡ ሊቆጡን መስሎኝ ተነሣሁ።

«ጫማውስ?» አሉ ልጃቸውን። «ምን ጫማ አድርጓል?»

«ያንተን ቡናማ ጫማ።»

«አዎ፣ የእኔን ነው። ይጠብሃል ብዬው ነበር» አሉና ጆንያው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። መኪያ አጠገባቸው ተንበረከከች። እኛ ሦስታችን ዝናቡ ሳያባራ ወጥተን ሄድን።

ጥቂት ቃል ይበልጥ ያስፈራል ያልከው እውነት ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። ባዶ የተተወውን ቦታ ሰሚው ከራሱ ቤት አምጥቶ ይሞላዋል። ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። ጭራቁ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። በጠራራ ፀሐይ ብቻዬን ስሆን እንኳ ስሜን ሰው የጠራኝ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ በአንተ ድምፅ። አልመልስም። ከዚያ ደግሞ አለመመለሴ ያስጨንቀኛል።

በማግስቱ ጋሽ አብዱልመጂድ እቤታችን መጡ። «ያለችውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ለወንድምሽ ላኪልኝ። አንዲት ነገር እንዳትቀር» አሉኝ። እሳቸው እየነገሩኝ፣ መኪያ እያረመችን ጻፍኩት። ከፎቶው ጋር እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። የአገራችን ልጆች በሚሰበሰቡበት ሁሉ አሳይልን። በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል የመጡትን ጠይቅ፤ በመንገድ ጓደኛ የቀበሩ ካሉም እነሱንም ጠይቅ። ጋሽ አብዱልመጂድ «የትኛውም ይሁን፣ ብቻ ልወቀው» ብለዋል።

እናታችን እያለቀሰችም እየሳቀችም ትስምሃለች። ታናሻችን ቦሼ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልፋለች፤ ሰላም ብላሃለች። እህታችን አስናቀች ከነልጆቿ፣ ፈጠነችና ቦልቴም እንዲሁ። መኪያ «አንተስ በየሳምንቱ ደውል» ብላሃለች።

ጋሽ አብዱልመጂድ ሁለት ሰላምታ ነው የላኩት። አንዱ ለአንተ ነው። ሁለተኛው ለሱሀይብ ነው፤ የት እንደማደርሰው ስላላወቅሁ እሱንም ለአንተ ልኬዋለሁ።

እህትህ ምሕረት
ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.