ድንኳኑ ስለተቀደደ ሕዝቡ ስለጠፋበት ከተማ

ለተከበሩ ጋሼ ወልደየሱስ፣
የምሥራቅ ባቡር መስመር ተወላጆች መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ጋሼ ወልደየሱስ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? አንድን ከተማ ከነሕዝቡ ብቻዎን አንሥተው ሌላው ከተማ ላይ እንዳስቀመጡ ስላነበብኩ አሳብ ገብቶኝ ነው። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፣ ምንም እንኳን በእርስዎ ጽሑፍ መሠረት የምትኖርበት ከተማ ሰው የሌለበት ቢሆንም።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያደሉን «የኤላ ጉዶና የቡርቃ ዲማ ከተሞች ታሪክና የሕዝብ ሁኔታ» የተሰኘ መጽሔት ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የእርስዎ ፎቶግራፍም በጣም ያምራል። ምስጋናዬን በስልክ ላቀርብ ብደውል ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ይኸው ደብዳቤዬን በየሐበሻ ግሮሰሪው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ታሪኩ። ኤላ ጉዶ «የባቡር ሠራተኞች ለጥቂት ጊዜ ያረፉበት ሰፈር» እንደነበረች ጽፈዋል። አባቴ ዘውዱ የሐዲድ ጠባቂ ሆኖ እዚያ አርፎ ሳይሆን እየሠራ ነው የሞተው፤ መቃብሩም እዚያው ነው። የከተማዋን የውሃ ጉድጓድም የቆፈሩት አያትዎ መሆናቸውን ከመጽሔቱ ተምሬአለሁ። የእኛ ሰው እስከዛሬ የሚያውቀው የእድራችን ዳኛ የሙሳ አባት በገመድ እየወረዱ እንደቆፈሩት ስለሆነ፣ ሙሳም በሕይወት ስላለ፣ ሲሰማ ምን ያህል እንደሚደሰት መገመት አያቅትዎትም።

ሁለተኛ፣ የሕዝቡ ሁኔታ። በገጽ ዘጠኝ ላይ ኤላ ጉዶ «ነዋሪ የለም» ስትባል ቡርቃ ዲማ፣ የእርስዎ የትውልድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ ትንሽ አልፋለች። ወረርሽኝ አልገባ፣ ጦርነት አልተነሣ፣ ሕዝቡ የት ገባ ብዬ ብዙ አሰብኩ። በኋላ ሳጣራ ለካ የቆጠሩት ከእድር መዝገብ ነው። እንደሚያውቁት አምና ንፋስ የእድራችንን ድንኳን ቀዶት፣ የእድሩ ዳኛ ሙሳ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ አዲስ ድንኳን እስኪሰፋ ድረስ ከቡርቃ ዲማ እድር ጋር ተዳብለን እንቅበር ብሎ አስማማ። ስማችንም ለቀብር ብቻ እዚያ ተጻፈ። እርስዎ ደግሞ ወንድምዎ የላኩልዎትን መዝገብ ይዘው፣ ድንኳን የተዋሰውን ሕዝብ ሁሉ አገሩን ለቆ ሄደ ብለው ጻፉ።

እዚህ የአማችዎን ለቅሶ የተቀመጥነው የኮሪያውያንን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተውሰን ነበር። ማንም መጥቶ ኮሪያዊ ናችሁ ብሎ አልመዘገበንም።

ይህንን እንኳ የዋህ ስህተት ነው ብዬ ላልፈው ነበር፤ በጎም አሰብኩልዎት። ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሦስተኛውን ሳልጽፍ መተኛት አልቻልኩም። እኔ እንደሚያውቁት ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ለኤላ ጉዶ ብለን ሁላችንም አዋጥተን የገዛነው የውሃ ፓምፕ የተቀመጠው እዚያው፣ እኔ በምሠራበት መደርደሪያ ላይ ነው። መጽሔቱ ከመታደሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሣጥኑን ሳነሣ «ቡርቃ ዲማ» የሚል አዲስ ሌብል ተለጥፎበት አየሁ። በጥፍሬ ጠርዙን ፋቅ ባደርገው ከሥሩ «ኤላ ጉዶ» ይላል። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሚገባኝ ግን ሰው መጀመሪያ ይቆጥራል፣ ከዚያ ይወስናል። እርስዎ ዘንድ ውሳኔው ቀድሞ ቆጠራው ተከትሎ መምጣቱ ምን ዓይነት የጥናት ዘዴ እንደሆነ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ቡርቃ ዲማ የሚሠራ ፓምፕ እያላት ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለጋት፣ የወንድምዎ የሽንኩርት እርሻም ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ አብረው ቢነግሩን ሙሉ ይሆን ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚሉት ለካ ይህንን ነው።

እናቴ እትዬ ጽጌረዳ ባለፈው ወር በሰው እጅ የላከችልኝ ካሴት በዚህ ሳምንት ደረሰኝ። የኤላ ጉዶ የእጅ ፓምፕ ከተሰበረ ወዲህ ጄሪካን ተሸክማ ቡርቃ ዲማ ድረስ ሄዳ ውሃ እንደምትቀዳ፣ የወንድምዎ ሰዎችም ቀድመው ካልቀዱ እንደማያስጠጓት ነገረችኝ። ጉልበቴን ብቻ ነው የሚያመኝ፣ አታስቢ ትላለች። ሺፍቴ አልቆ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። አለቀስኩ። ከዚያ ገጽ ዘጠኝ ትዝ አለኝና በጣም ተናደድኩ።

ስለዚህ ጊዜዎን ሳላባክን፣ ሌብሉ በነበረበት እንዲመለስ፣ ገጽ ዘጠኝም በሚቀጥለው እሑድ በሕዝብ ፊት እንዲታረም በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይ መኖር አለመኖራችንን ከኦሃዮ ሆነው ስላሳወቁን፣ ውለታዎን ከፋይ ያድርገን።

ሰው ከሌለበት ከተማ የመጣሁት፣
በመጽሔትዎ የሌለችው እናት ልጅ፣
ምንጊዜም አክባሪዎ
አይናለም ዘውዱ

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሙሳ ድሬዳዋ ወርዶ ደወለልኝና ገጽ ዘጠኝን አነበብኩለት። ይቆጣል ስል ጭራሽ ሳቀ። የቡርቃ ዲማ ሰዎች ከሆንን የቡርቃ ዲማን የውሃ ኮሚቴ እንመርጣለን፣ ፓምፑ ወዴትም ቢላክ አስተዳዳሪው ኮሚቴው ነው አለኝ። በመጽሔትዎ ቁጥር መሠረት እኛ ከእናንተ በትንሹ እንበልጣለን። ምርጫው በመጪው ጥር ነው፤ ለሰብሳቢነት እናቴን ጠቁመዋታል። ወንድምዎ ሽንኩርታቸውን ማጠጣት ሲፈልጉ ጄሪካናቸውን ይዘው በተራቸው እንዲሰለፉ ከወዲሁ ይንገሩልን።