ከወጥ ቤት እስከ አጥሩ በር

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን
ከሥራ ቦታዬ፣ በምሳ ሰዓት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ? ደረጃ ስትወጣ ግድግዳውን ያዝ ብዬህ ነበር፤ እንደማትይዝ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ስለ ጤናዬ ነው፤ ሥራዬማ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይለይለታል። አለቃዬ አንድ ወረቀት ላይ ፈርሚ ብሎኛል፣ እኔ ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ ብያለሁ። ካልፈረምኩ ያባርሩኛል። ያባርሩኝ! ምክንያቱን ግን ከእኔው አፍ እንድትሰማው እፈልጋለሁ፣ ነገሩ አንተንም ይነካልና።

በወረቀት የምጽፍልህ እማዬ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ስልክ ስለማትነካ ነው። ያንን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ ቁልፉን የት እንዳደረግከው እንኳ ለማንም አልተናገርክም። ሁለት ዓመት ሞላው። አልቆጣህም፤ ይህን ደብዳቤ ግን ሳትጨርስ አትጠፈው።

ለጎረቤት «ልጄ ስልክ ትሠራለች» እያልክ ታወራለህ አሉ። አልሠራም አባዬ፣ የተሠራውን ነው የምነዘንዘው። ስልክ ውስጥ፣ ከምታያቸው ሥዕሎች ሁሉ ሥር፣ ከርነል የሚባል ፕሮግራም አለ። ድምፅህ በቤቱ ዋይፋይ ይሂድ ወይስ በሲም ካርዱ ኔትወርክ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። በኢንተርኔት ደውለህ እያወራህ ከቤት ስትወጣ ዋይፋዩ እየደከመ ይሄዳል፤ ያኔ ከርነሉ ወሬህን ሳያቋርጥ ወደ ሌላው መንገድ ማሻገር አለበት። እኔ የምፈትነው ይህንን ማሻገር ነው። መደርደሪያ ላይ አርባ ስልክ ተደርድሯል፤ ኮምፒውተሩ ዋይፋዩን ድንገት እያጠፋ ይፈትናቸዋል። ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ሆኖ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ይወጣል። አለቃችን ቀይ ካየ ምሳ አይወርድለትም፤ ስለዚህ በሌለበት «አረንጓዴው» እንለዋለን።

የዛሬ ወር አንድ ፈተና ወደቀ። ኮምፒውተሩ ራሱ ደገመው፣ አለፈ፣ አረንጓዴ ሆነ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፈው ነበር። ያን ቀን ግን አንተ ትዝ አልከኝ። በር ሰቅለህ ስትጨርስ አርባ ጊዜ ትከፍተዋለህ፣ አርባ ጊዜ ትዘጋዋለህ፤ ባለቤቶቹ «ኧረ በቃ፣ ሠራ እኮ!» ሲሉህ አትሰማም። አርባኛው ላይ ሲጥ ካለ ፈትተህ እንደገና ትሰቅለዋለህ። እኔም ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ዋይፋዩን ማን ድርግም አድርጎ ያጠፋበታል? በእግሩ ነው የሚወጣው፣ ቀስ እያለ ነው የሚርቀው። የእኛ ፈተና ደግሞ ተራምዶ አያውቅም።

ስለዚህ አንዱን ስልክ ይዤ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ላለው ሌላ ስልክ ደውዬ፣ እሱ አጠገብ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ሬዲዮውን በእጄ ባለው ስልክ እየሰማሁ መራመድ ጀመርኩ። ከክፍሉ ወጥቼ በኮሪደሩ አልፌ እስከ ደረጃው እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰዉ ሳቀብኝ። ጥበቃው እንኳ «እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። «እስካሁን አልጠፋም፣ ሲጠፋ እነግርሃለሁ» አልኩት።

በሠላሳ ሰባተኛው የሬዲዮው ድምፅ ጠፋ።

ደረጃው ላይ ቆሜ የስልኩን ስክሪን አየሁት። ጥሪው አልተቋረጠም፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። ሮጬ ተመልሼ፣ በእጄ ባለው «ሃሎ» እያልኩ የጠረጴዛውን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጭጭ። ከርነሉ ድምፁን በተዘጋው መንገድ ይልካል፣ መንገዱ መዘጋቱን ለማንም አይናገርም።

ያኔ ነው ነገርህ የመጣብኝ። እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ የወደቀች ቀን፣ ለጎረቤታችን ለነርሷ በዚያ ስልክ በኢንተርኔት ደውለህ ነበር። ሥራ ቦታዋ ሆና «በጀርባዋ አስተኛት፣ ደረቷን ተጫን» እያለች ታስረዳህ ነበር። የመኪና ጥሩምባ ስትሰማ አምቡላንሱ መስሎህ ስልኩን ጆሮህ ላይ እንደያዝክ አጥሩን ለመክፈት ወጣህ፤ የሌላ ሰው መኪና ነበር። ድምጿ እዚያ ጠፋ። እሷ አምቡላንሱ ደርሶ የዘጋህባት መስሏታል። አንተ ተመልሰህ እማዬ አጠገብ ተንበርክከህ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ቀጥሎስ?» ስትል ቆየህ። ለቅሶው ላይ ያንን ወፍራም የአናጺ ጣትህን ወደ ላይ አንስተህ «ሰከንዱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም። ይሄ ጣት ነው፣ የሆነ ነገር ነክቼበት ነው» አልክ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላልክም።

ምንም አልነካህም አባዬ። ስማኝ፣ ምንም አልነካህም! ድምፁ ባይጠፋ እማዬ ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም፤ ሐኪሙም አላውቅም ነው ያለው። ጣትህ ግን ንጹሕ ነው። ይህንን ማንም ፊት እምልልሃለሁ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ አረንጓዴው ቢሮ ገባሁ። ነገርኩት። «ከአርባ አንዴ?» አለና ሳቀ። «አልፎ አልፎ ነው እኮ!»

«ሞትም የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው» አልኩት።

ሳቁን ዋጠ። «ተይ እንጂ! አዲሱ ስልክ ኅዳር 12 ይወጣል። የግድግዳው ሰሌዳ አረንጓዴ ነው። የወደቀ ፈተና ሦስቴ ተሞክሮ አንዴ ካለፈ አልፏል፤ ሕጋችን ይሄ ነው። ደግሞ ሕጉን ያወጣው ማን ሆነና ነው?»

እውነቱን ነዋ።

አሁን የምጽፈው ይከብደኛል፤ ለዚህ ነው እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት። ያንን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬ አራት ዓመት። ፈተናው እየወደቀ ሥራ ሲያጓትት «ሦስት ዕድል እንስጠው» ብዬ ጻፍኩት፤ ሰሌዳው በአንድ ቀን አረንጓዴ ለበሰ፣ ተጨበጨበልኝ። ደውዬ ስነግርህ አንተም ደስ አለህ። በዓመቱ የላክሁልህ ስልክ ያለፈው በዚያ ሕግ ነው። ወረቀቱን ከማኅደር አውጥቼ አየሁት፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አልፏል። ታችኛው መስመር ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

የአንተ ልጅ ሆኜ ሲጥ ያለ በር ሰቅዬ ሄድኩ። ጣት ከተባለ የእኔ ጣት ነው። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ብትለኝ እወዳለሁ።

ብቻዬን ግን አይደለሁም። ከርነላችንን የሚጽፈው ሰውዬ በዓመት አሥር ቃል አይናገርም። ጉዳዩን ሰምቶ መጣ፣ ስልኩን ከእጄ ወሰደ፣ ራሱ ተመላለሰ። በሃያ ሁለተኛው ጊዜ ቆመና «ችግሩ አለ» አለ፤ ሄደ። በሁለት ቀን አስተካከለው። በተስተካከለው አራት መቶ ጊዜ ተመላለስኩ፣ ጫማዬ አለቀ፣ አንድም ጊዜ አልጠፋም። አረንጓዴው ግን «ማስተካከያው ለሚቀጥለው ይደርሳል፣ የአሁኑን እንዳለ ፈርሚ» ይላል። በሰው እጅ ስላሉት አሮጌዎቹማ ወሬውንም ማንሳት አይፈልግም።

እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ? ዛሬ ጠዋት ያንን ሕጌን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። ሰሌዳው ላይ አሥራ ሰባት ቀይ ወጣ! አረንጓዴው በሩን በርግዶ ሲገባ ፊቱ ራሱ ከሰሌዳው ይቀላ ነበር። «ነገ ወይ ፊርማሽን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ወይ መታወቂያሽን ታስረክቢያለሽ» አለ። «መታወቂያውን ከፈለግህ ዛሬውኑ ውሰደው» አልኩት። ነገ ከሁሉም አለቆች ፊት የማነበው ሪፖርት ተዘጋጅቷል። ጥፋቱን ያደረሰው ማን ነው በሚለው መስመር ላይ ስሜን ጽፌያለሁ፤ አሮጌዎቹም ስልኮች ማስተካከያው ይላክላቸው ብያለሁ። የፈራ ይመለስ፤ እኔ አልመለስም።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ሣጥን ውስጥ ስልክ አለ። የተስተካከለው ነው። አውቃለሁ፣ ገና ስታየው ልትገፋው ትችላለህ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ወጥ ቤት ቁምና ደውልልኝ። እያወራኸኝ ውጣ፣ እስከ አጥሩ በር ድረስ። ደፉ ላይ እንዳትቆም። ብትሰድበኝም ይሁን፣ ብታለቅስም ይሁን፣ ብቻ መናገርህን አታቁም፤ እኔ ሁሉንም እሰማሃለሁ። ስትመለስ ደግሞ ድገመው። አርባ እስኪሞላ አልዘጋም።

ጉልበትህን ያጽናልኝ፤ የሠራሃቸው በሮች ሁሉ ለደግ ነገር ይከፈቱልህ። አንተም ለነገ መርቀኝ፤ ደብዳቤው ሳይደርስህ ነገ ቢያልፍም ምርቃትህ ወደ ኋላም እንደሚሠራ አምናለሁ።

በዚህ ሳምንት የምፈርመው ወረቀት ይህ ብቻ ነው።

ልጅህ