ትርፍ ብዬ የተረጎምኩት

ማርች 9
ልብስ አጠብኩ። አባዬ ከመጋዘን ሥራው ደብዳቤ ይዞ ገባ። ኤችኤስኤ ከሚሉት ነው፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ ለሕክምና ብቻ ከሚቀመጥለት። ምን ይላል አለኝ። ረጅም ነው... ግማሹ አልገባኝም። ያለፈው ዓመት ትርፍ አለህ ይላል አልኩት። ፈገግ አለ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ፈገግ ሲል አላየሁትም።

ማርች 12
አብሮት ለሚሠራው ለጋሽ ግሩም ነግሮታል። ከፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ በመኪና ሲወስዱኝ፣ ጋሽ ግሩም «በዚህ አገር ከሐኪም አትርፎ የወጣ አንተን አየሁ» እያለ ይስቅበታል። አባዬም ሳቀ። ደብዳቤው ላይ ግን ኤፕሪል 15 የሚል አለ። ትርፍ ቀነ ገደብ አለው እንዴ?

ማርች 14
ላይብረሪ ሄጄ እያንዳንዱን ቃል ፈለግኩ። ያተረፈው አይደለም... ከልክ ያለፈ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከሚቆርጠው ሌላ፣ አባዬ ራሱ በየወሩ ሲጨምር ለዓመት ከተፈቀደው አልፏል። ያለፈው በጊዜው ካልወጣ በየዓመቱ ያስቀጣል። እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። እንዴት ልንገረው?

ማርች 19
አልነገርኩትም።

ማርች 22
ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነገርኩት። አልተቆጣም። ለምን ያን ያህል ጨመርክ አልኩት።
«እናትሽ ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት፣ ገንዘብ ሲኖረን ነበር የምትለኝ። ሁለተኛ እንዳይጎድል ብዬ ነው።» ቀጥሎ፣ «አይወጣም። ይቅጡኝ።»
አሁን እማዬን አያተርፋትም ልለው ነበር... ዋጥኩት።

ማርች 30
አባዬ በግራ በኩል ብቻ ያኝካል። ለካ ከገና ጀምሮ ጥርሱን ያመዋል። ያ ሁሉ የሕክምና ገንዘብ ተቀምጦ! ለምን አትታከምም አልኩት። ላንቺ ነው፣ አልነካውም፣ ደግሞ ይተወኛል አለ።
«እማዬም እንደዚህ ነበር የምትለው።»
አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ ስልኩን ፊቴ አስቀመጠ። «በይ፣ ደብዳቤውን ለላኩት ደውይላቸው» አለኝ።
እኔ? ፒዛ እንኳ ደውዬ አዝዤ አላውቅም።

ማርች 31
ደወልኩ። ሴትየዋ መጀመሪያ የአባዬን ፈቃድ ጠየቀች። «የስ፣ ማይ ዶተር»፣ ልጄ ናት ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። እንግሊዝኛዬ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለቴ ድገሚው አለችኝ... ደገምኩት። ዝም ብሎ ማውጣት አይሆንም፤ ከልክ ያለፈው ተብሎ በፎርም ይጠየቃል፣ ያስገኘው ወለድም አብሮ ይወጣል። በኢሜይል የላከችውን ፎርም ላይብረሪ አትሜ ሰጠሁት፤ አባዬ እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፈረመ።

ኤፕሪል 8
ትርፉ ወጥቶ አባዬ የባንክ ሒሳብ ገባ። ለቀነ ገደቡ ሰባት ቀን ሲቀረው።

ኤፕሪል 16
የጥርስ ሐኪም ጋ ሄድን። ኤችኤስኤው ውስጥ የቀረው አለ፣ በሱ ይከፍላል። ፎርሙን እኔ ሞላሁ። አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው የሚል ቦታ ላይ ስደርስ ማንን ልጻፍ አልኩት። በፊት የእማዬ ቁጥር ነበር።
«አንቺን ነዋ» አለ፣ ጉንጩን ይዞ።
ጻፍኩ። ተጠርቶ ሲገባ የስልኬን ድምፅ ከፈትኩት።